ምክራችሁ ስንት ብር ያወጣል?

መዝገቤ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ፦ «መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም።»

ሴትዮዋ ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። የደም ግፊቷን በለካሁ ቁጥር የላይኛው ከ160 በታች አይወርድም። ኪኒኑ ግን ቤቷ አለ። ቆጥሬዋለሁ። ከሠላሳው ሃያ ሁለቱ እንዳለ ነው። እኔም በተማርኩት መሠረት አስተማርኳት። ግፊት ድምፅ የለውም፤ ሳይታሰብ ስትሮክ ያመጣል፤ ኩላሊት ይጎዳል። «እሺ የኔ እህት» ትለኛለች። በሚቀጥለው ወር ስመጣ ያው ናት።

አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። ላስቲኳ ሥር ተጠለልኩ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አብሬያት ተቀመጥኩ። መሀል ላይ ሽንቴ መጣ። «ሽንት ቤት በየት በኩል ነው?» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። «እኔስ ምን ስልሽ ነው የከረምኩት?» አለችኝ። ምንም አላለችኝም ነበር። ወይም ብላኝ አልሰማኋትም።

የምትወስደው ኪኒን የሚያሸና ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል፤ ርካሽና ጥሩ መድኃኒት ነው። ጉልቱ አካባቢ ግን ሽንት ቤት የለም። ካፌው ተስተናጋጅ ካልሆኑ አያስገባም። ተነስታ ብትሄድስ ሽንኩርቱን ማን ያይላታል? ስለዚህ ኪኒኗን የምትውጠው ቤት በምትውልበት ቀን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ በሥራ ቀን ውሃም አትጠጣም። ሽንት ቋጥሮ መዋል ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥ እኔው ራሴ አስተምሬያታለሁ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ርዕስ።

«እንግዲያው ማታ ማታ ውሰጂው» ልላት ነበር። እንኳን አላልኩ። ማታ ብትወስደው ሌሊት ያስነሳታል። የግቢያቸው ሽንት ቤት የስምንት አባወራ የጋራ ነው። መብራት የለውም፤ በሩም አይዘጋም። በመጨረሻ ያደረግነው ቀላል ነበር። ነገሩን እንዳለ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ጻፍኩለት። አምሎዲፒን ወደሚባለው ቀየረላት። እሱ አያሸናም። ሦስት ወር ያልገባኝን አንድ ዝናብ አስረዳኝ።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ስዞር 11 ዓመት ሆነኝ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 በገጠር ተጀምሮ በ2009 ነው ወደ ከተማ የመጣው። ለአንድ ባለሙያ 500 ቤት ገደማ ይደርሰናል። አሁን አሁን አዲስ የሚመደቡ ልጆች ለጥቂት ሳምንት ከኔ ጋር እንዲዞሩ ይደረጋል። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ባለሙያ ባትሆኑም፣ የታመመ ዘመድ የምታስታምሙ፣ የእድር ኮሚቴ የሆናችሁ፣ ቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁ፣ ዝለሉት አልላችሁም።

መጀመሪያ ዋጋውን አስሉ

የምንሰጠው ምክር ሁሉ ዋጋ አለው። የሚከፈለው በብር ብቻ አይደለም። በሰዓት፣ በጀሪካን፣ በእግር መንገድ፣ አንዳንዴም በእፍረት ይከፈላል። እኛ ተናግረን እንወጣለን፤ ከፋዩ እዚያው ይቀራል።

እጅ መታጠብን እንውሰድ። ከሁሉ ርካሽ የሚመስለው ምክር እሱ ነው። ከምዞርባቸው ቤቶች በአንዱ ስድስት ሰው ይኖራል። የግቢው ቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን። የተቀዳው ተቆጥቦ በቀን ሁለት ጀሪካን ይደርሳቸዋል። 40 ሊትር ለስድስት ሰው፣ ለአንድ ሰው ሰባት ሊትር አይሞላም። ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለዕቃ፣ ለልብስ፣ ለገላ፣ ለሁሉም። በአደጋ ጊዜ ለተፈናቀለ ሰው የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መለኪያ እንኳ በቀን 15 ሊትር ነው። እኔ ደግሞ ገብቼ «በሚወርድ ውሃ፣ በሳሙና፣ በደንብ ፈትጋችሁ» እላለሁ። በየትኛው ውሃ?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ባዶ ሃይላንድ ፈልጉ። ክዳኑን በምስማር ሁለት ቦታ ብሱት። ውሃ ሞልታችሁ ሽንት ቤቱ አጠገብ ገልብጣችሁ በገመድ ስቀሉት። ሲጫኑት ብቻ ነው የሚወርደው። በሌላ ትንሽ ሃይላንድ የተረፈ የልብስ ሳሙና ቁራጭ በውሃ አሟሙ። ይሄኛው አይሰረቅም፤ ደረቁ ሳሙና ይሰረቃል። ይህን የነገሩኝ አንዲት እማማ ናቸው እንጂ ሥልጠና ላይ አልሰማሁትም።

ሌላ ስሌት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል። ጥሩ። ለዚያው ስድስት ሰው ላለበት ቤት 2 ኪሎ ከ400 ግራም ማለት ነው። በየቀኑ። የቤቱ አባወራ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሲገኝ። እስቲ ወደ ጉልት ወርዳችሁ የዛሬውን ዋጋ ጠይቃችሁ አባዙት። ይህን ስሌት አዲስ ልጆችን በስልካቸው አሠራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ «አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ» የሚለውን ቃል እንደ ሰላምታ አይወረውሩትም።

ታዲያ ምን እንበል? ጎመን በሉ። ጉልት ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ዋጋ ይወርዳል፤ ባለጉልቷ ጎመኑን ይዛ ማደር አትፈልግም። ባቄላና ምስር ሲኖር ድስቱ ላይ ከሽሮው ጋር ይቀያየር። ጨው ላይ ግን ጠበቅ በሉ፤ ጨው መቀነስ ብር አያስወጣም። ለአዋቂ በቀን ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም። እዚህም ላይ ችግሩን እወቁ። የሽሮና የበርበሬው ዱቄት ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ይችላል። የሚበላው ደግሞ ከአንድ ትሪ ነው። ስለዚህ «የርስዎን ጨው ይቀንሱ» የሚባል ነገር የለም። የቤቱን ነው የምትቀንሱት፤ ወጥ ሠሪዋን ሳታሳምኑ አይሆንም። በሽተኛው አባወራው ቢሆንም የምታነጋግሩት እሷን ነው።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር። በመጀመሪያው ዓመቴ ለአንዲት እናት «በቀን 30 ደቂቃ በእግር ይሂዱ» አልኳቸው። ሽሮ ሜዳ በኩል ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ናቸው። ጀርባቸው ጎብጧል። አዩኝ፣ አዩኝና «ተሸክሜ ወይስ ባዶዬን?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁት፤ ያ ነው የባሰው።

«አቅም አለዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ

መልሱ የታወቀ ነው። «ተመስገን ነው።» ያጣ ሰው ገበናውን ደጃፍ ላይ ለቆመ ባለመዝገብ አይዘረግፍም። ደግሞም ልክ ነው። ስለዚህ ስለ አቅም አትጠይቁ፤ ስለ ትናንት ጠይቁ።

«ትናንት ማታ ምን ተበላ?» ብሉ። «እርስዎስ መቼ በሉ?» ብሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እናት መጨረሻ ላይ ነው የምትበላው። ድስቱ ውስጥ የቀረውን ጠርጋ። እርጉዝ ብትሆንም፣ የምታጠባ ብትሆንም። የብረት ኪኒን ሰጥታችሁ ደሟ ለምን እንደማይሞላ የምታውቁት እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ኪኒኑን ከሻይ ወይም ከቡና ጋር አለመውሰድ፣ ከምግብ በኋላም ሻዩን አንድ ሰዓት ማዘግየት ምንም ብር አያስወጣም። ሻይ ብረቱን ያስቀራል። ይህን አስረግጣችሁ ንገሩ።

«መድኃኒት ወሰዱ?» ከማለት «መድኃኒቱን የሚወስዱት ከምን በኋላ ነው?» ብሉ። «ከቁርስ በኋላ» ካሉ ቁርስ የሌለበትን ቀን ጠይቁ። ብዙ ሰው ባዶ ሆድ መድኃኒት አይውጥም፤ ያቃጥለኛል ይላል። ኪኒን የዘለለበትን ቀን ብትቆጥሩ ምግብ ያልነበረበት ቀን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቡና ቢቀርብላችሁ አቦሉን ጠጡ። እምቢ ማለት ንቀት ነው። ሦስተኛውን አትጠብቁ፤ ስኳሩ የተቆጠረ ነው። ከሰሉ ቤት ውስጥ እየነደደ ከሆነ ግን በሩን ራሳችሁ ክፈቱ። ጭሱ ስላለቀ አደጋው አለቀ ማለት አይደለም። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በአንድ ክፍል ቀበሌ ቤት ውስጥ ክረምት ላይ ከሰል አስገብቶ ማደር የተለመደ ነው። «አታስገቡ» ማለት ዋጋው ብርድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከመተኛታቸው በፊት ማንደጃውን እንዲያወጡና የሌሊቱን ልብስ ነገር አብራችሁ ተነጋገሩ። እድሩን ሁለት ብርድ ልብስ መለመን ከማስተማር የማይተናነስ ሥራ ነው።

በመዝገቡ ላይ የሌለውን ፈልጉ

ትልቅ ግቢ ስታንኳኩ ቅጹ «የቤተሰብ ብዛት» ይላል። እመቤቲቱ «አምስት» ትላለች። አምስት ብላችሁ ጽፋችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ዓመታት እንደዚያ አድርጌያለሁ።

አሁን የምጠይቀው «በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?» ብዬ ነው። ትንሽ ያስባሉ። «ከሠራተኛዋ ጋር? ከዘበኛው ጋር? ሰባት።» እነዚያ ሁለቱ ናቸው ዋናዎቹ። ልጅቷ ኩሽና አጠገብ ትተኛለች። መታወቂያ የላትም፤ ከገጠር ስትመጣ የያዘችው የለም። ስታስል ከርማለች። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለቲቢ መመርመር እንዳለበት ማንም አልነገራትም። ብትናገር ትባረራለች ብላ ትፈራለች። እውነቷን ነው፤ ስትባረር አይቻለሁ።

እዚህ ላይ አካሄድ ያስፈልጋል። አሠሪዋ ፊት ስለ ሳሏ አታንሱ። ውሃ ስጪኝ ብላችሁ ወደ ኩሽና ዝለቁ። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ መሆኑን ንገሯት። ጤና ጣቢያው የሚከፈተው 2:30 ነው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ መንገዷ ላይ ይሆናል ወይ ብላችሁ አስቡ። ቲቢ ሆኖ ከተገኘ አሠሪዋን እናንተ ናችሁ የምታነጋግሩት። መድኃኒቱን በትክክል የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማስተላለፉን እንደሚያቆም፣ ብትባረር ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ሳይመረመር እንደሚቀር አስረዱ። እኔ ሁለተኛውን ነጥብ ነው አጥብቄ የምናገረው። ለልጅቷ ያላዘነ ለልጆቹ ይፈራል። ደስ አይልም፤ ግን ይሠራል።

ዘበኛውንም አትርሱ። የበር ላይዋ ቆርቆሮ ውስጥ ማንደጃ ይዞ የሚያድረው እሱ ነው።

የቀን ሠራተኛና የስድስት ወር መድኃኒት

ቲቢ ስድስት ወር ይታከማል። የመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪው አራት ወር ሁለት ዓይነት። ችግሩ በሽተኛው የሚሻለው ቀድሞ መሆኑ ነው። ሳሉ ይጠፋል፣ ላቡ ይቆማል፣ ጉልበት ይመለሳል። ጉልበት የተመለሰለት የቀን ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ አሠሪ ወደሚጠብቅበት ቦታ ይሄዳል። ጠዋት 3 ሰዓት ጤና ጣቢያ ተሰልፎ መድኃኒቱን ሲውጥ ያ ቀን አልፏል። የተነሳው መኪና ተነስቷል።

«ነፃ ነው» የምንለው መድኃኒት ለሱ በየቀኑ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። ይህን ሳታውቁ «ጠፍቷል» ብላችሁ አትመዝግቡ።

መላው ምንድን ነው? አንደኛ፣ መጀመሪያ ቀን ላይ የሥራ ሰዓቱን ጠይቁ፤ ከጠፋ በኋላ አይደለም። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ሲውጥ የሚያየው ሰው ጎረቤቱ፣ ሚስቱ ወይም የእድር ጓደኛው ሊሆን ይችል እንደሆነ ከቲቢ ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ። ሦስተኛ፣ ሽንቱ ቀይ ወይም ብርቱካናማ እንደሚሆን ቀድማችሁ ንገሩት። ሪፋምፒሲን ነው፤ ጉዳት የለውም። ሳይነገረው ያየ ሰው ደም መስሎት ያቆማል። ከሱ ጋር የሚያድሩ ልጆችን ስም ያዙና አስመርምሩ።

መስኮት ክፈቱ የሚለው ምክርስ? ብዙ ቀበሌ ቤት መስኮት አለው፤ ግን መስኮቱ የሚከፈተው የጎረቤት ሽንት ቤት ላይ ነው። ወይም ተከፍቶ ቢዋል ቤቱ ይዘረፋል። ሁሉም ሰው ለሥራ ወጥቶ የሚዘጋ ቤት ነው። ስለዚህ ሰው ቤት በሚሆንበት ሰዓት በሩንና መስኮቱን ባንድ ላይ፣ አየር እንዲያልፍ፣ በሉ። በሽተኛው ደግሞ ቀን ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ደጅ ነፃ ነው።

ፍሪጅ የሌለው ኢንሱሊን

ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲታዘዝለት «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ» ይባላል። አንድ ጋሼ ይህን ሰምተው ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡ። ጎረቤትየው ጥሩ ሰው ነው። ነገር ግን ቀን በሥራ ቤቱ ይቆለፋል። ጋሼ ጠዋትና ማታ መርፌ አላቸው። ማታ ማታ «ይቅርታ፣ አስቸገርኩ» እያሉ ማንኳኳቱ አፈር አስገባቸው። ቀስ ብለው የማታውን ተዉት።

የተከፈተ ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ከራቀ፣ ቤቱ ካልሞቀ፣ አራት ሳምንት ያህል ያለ ፍሪጅ ይቆያል። አዲስ አበባ ደግሞ ቀዝቃዛ ናት። ይህን ማንም አልነገራቸውም። ያልተከፈተውን ብቻ ጎረቤት ዘንድ አስቀመጥን። የሚሠሩበትን ትንሽ እንስራ ውስጥ አደረግን፤ ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ። ክዳን ባለው ማሰሮም ይሆናል። በወር አንድ ቀን ጎረቤት ማስቸገር ሰው ይችለዋል። በቀን ሁለቴ አይችልም። ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም አይገባም፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል።

የባሰው ምግብ የሌለበት ቀን ነው። ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበሉ መዋል ስኳርን አውርዶ ይጥላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካያችሁና በሽተኛው መዋጥ ከቻለ ቶሎ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ውሃ ስጡ። መርፌውን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ አስቀድማችሁ «ምግብ ያልተገኘ ቀን ምን ላድርግ?» ብለው ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ አድርጉ። ይህን ጥያቄ በሽተኛው አፍሮ አይጠይቅም። ሐኪሙም አስቦ አይነግረውም። እናንተ አብራችሁ ገብታችሁ ጠይቁ። ጾም ሲሆን ደግሞ ከኔ ቃል የንስሐ አባታቸው ቃል ይበልጣል። እኔ ሦስት ቄስ አነጋግሬያለሁ፤ ሦስቱም ለታመመ ፈትተዋል። አንዱ እንዲያውም ራሳቸው ስኳር አለባቸው።

ወረቀቱ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የሰፋው። ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ከዚያ በመንግሥት ተቋም በደብተሩ ይታከማል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ተብለው ለተለዩት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔ ካየኋቸው ሁሉ የጠቀመው እሱ ነው። ነገር ግን ሦስት ቦታ ሰው ያንጠባጥባል።

የመጀመሪያው ወቅቱ ነው። ምዝገባና እድሳቱ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እጁ ላይ ብር የሌለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ውጭ ይቀራል። ቀኑን ከወረዳው አረጋግጣችሁ ሦስት ወር ቀድማችሁ ንገሩ። አንድ እድር አውቃለሁ፤ ለአባላቱ ከፍሎ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይሰበስባል። ለሌሎቹ እድሮች ይህን ነው የምሰብከው። እድር የኛ ትልቁ ሀብት ነው፤ ግን አብዛኛው ከሞትን በኋላ ነው የሚደርስልን። ትንሽ ቀደም ቢል ምን አለበት?

ሁለተኛው መታወቂያ ነው። ተከራይ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቤቱ ፈርሶ ወደ ዳር ከተማ የሄደ ሰው መታወቂያው አንድ ቦታ፣ ኑሮው ሌላ ቦታ ነው። ደጅ መጥናት አለ። ብቻቸውን አትስደዱ። ደብዳቤውን ጽፋችሁ፣ ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። በአንድ «ኃ» እና «ሀ» ምክንያት ሁለት ጊዜ የተመለሱ እናት አይቻለሁ። ሦስተኛው ቀን ለታክሲ የሚሆን አልነበራቸውም።

ሦስተኛው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ማድረግ አንችልም፤ አልዋሽም። ግን ቢያንስ ውል ያለው የመንግሥት መድኃኒት ቤት አካባቢው ላይ እንዳለ ጠይቁ። ሐኪሙንም ተመሳሳይ ርካሽ መድኃኒት እንዳለ ጠይቁት። ግፊቱ የተረጋጋ ሰው ደግሞ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ይሰጠው እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ወይም ሁለት ምልልስ ማትረፍ ማለት ነው።

ድህነት ብቻ አይደለም

አዲስ ልጆች አንድ ነገር ይሉኛል። «እህት፣ ይሄ ሁሉ እኮ ድህነት ነው፤ ብር ሲኖር ይቀራል።» ግማሹ እውነት ነው።

ግማሹን ለማሳየት ስለ እንግሊዝ አገር መንግሥት ሠራተኞች እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች ተጠንተዋል። ዋይትሆል ጥናት ይባላል፤ ማይክል ማርሞት የሚባለው ሐኪም ነው ስሙ ከሱ ጋር የሚነሳው። ሁሉም ቋሚ ሥራ አላቸው። ሁሉም ቢሮ ነው የሚውሉት። ሕክምና ነፃ ነው። የተራበ የለም። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያሉት፣ ተላላኪና በር ጠባቂዎቹ፣ ከላይኞቹ አለቆች በሦስት እጥፍ ገደማ ይሞቱ ነበር። ደግሞ ልዩነቱ በታችኛውና በላይኛው መሀል ብቻ አልነበረም። መሰላሉ በየደረጃው ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ይበልጥ ይሞታል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ሲጋራ ማጨስ ከፊሉን ብቻ ነው ያስረዳው።

ይህን ሳነብ የታወሰኝ ዘበኛው ነው። 24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት ያርፋል፤ በእረፍቱ ቀን ሌላ ቦታ ዘበኛ ነው። መቼ እንደሚተኛ ሌላ ሰው ነው የሚወስንለት። መቼ እንደሚበላም። ግፊቱን ስለካው መኪና ጡሩምባ ከነፋ ክንዱን ከመለኪያው መንጭቆ ይሮጣል። ተመልሶ ሲቀመጥ የሚመጣውን ቁጥር እናንተው ገምቱ። እንዲህ ያለውን ሰው አምስት ደቂቃ አሳርፋችሁ፣ ደግማችሁ ለኩት። ከተቻለ በእረፍቱ ሰዓት። ከዚያ ነው መድኃኒት የሚታሰበው።

በኛ አገር ደግሞ ርቀቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ላይ ከ100 ወሊድ 97ቱ ጤና ተቋም ውስጥ ነበር። በአገር ደረጃ 26። ማዋለድ በሁለቱም ቦታ ነፃ ነው። መንገዱ ነው ነፃ ያልሆነው። እኛ ከተማ ያለነው በ97ቱ እንዳንኩራራ፣ ቤታቸው ፈርሶ ዳር የወጡ እርጉዞችን ጠይቁ፤ ክትትላቸው ድሮ ሰፈር፣ ምጣቸው አዲስ ሰፈር ነው። ዘጠነኛው ወር ሳይገባ ካርዳቸውን አዘዋውሩላቸው። የሌሊት መኪና ያለውን ሰው ስልክም ያዙ።

ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ

«አልተባበረችም» ብላችሁ አትጻፉ። «ግንዛቤ የላትም» ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ባለሽንኩርቷ ከኔ የበለጠ ታውቅ ነበር። የኔን መድኃኒት ጥቅምና ጉዳት ከነሽንት ቤቱ አስልታ ነው የወሰነችው።

መዝገቤ ዳር ላይ አሁን አራት ነገር እጽፋለሁ። ውሃ ከየት። ሽንት ቤት ስንት ሰው ጋር። ሥራ ስንት ሰዓት ይገባል። ማን መጨረሻ ይበላል። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ በእርሳስ ነው የምጽፈው። ለሐኪም ሪፈር ስጽፍም አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «ከጠዋት እስከ ማታ ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ ትውላለች፤ የማያሸና ቢሆን።» አንዳንዱ ሐኪም ይስቃል። አንዳንዱ ያነበዋል። ያነበበው ይበቃኛል።

የባለሽንኩርቷ ግፊት ባለፈው ወር 134 በ86 ነበር። እግሯ ትንሽ አበጥ ብሏል፤ አምሎዲፒን እንዲያ ያደርጋል፤ ለሐኪሙ ጽፌያለሁ። የሽንኩርቱን ዋጋ ግን አልቀነሰችልኝም።